ከስድስት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ፦ አብዮቱን በእግር

ቅዳሜ ጠዋት የሚካሄድ አንድ የእግር ጉብኝት አለ። ከስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በር ይነሳል፤ መስቀል አደባባይ፣ ቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ላይ ያበቃል። የሚተርከው የ1966ቱን አብዮት ነው። ምን ብሎ እንደተነሳ፣ ማን እጅ እንደገባ፣ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ። ዋጋው ለአንድ ሰው 500 ብር ነው፤ መሀል ላይ ቡና ይጋብዛሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ተነስተን ምሳ ሰዓት ላይ ጨረስን። አዘጋጆቹ በቅርቡ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ጉድለታቸውንም ስለምጽፍ ስማቸውን ትቼዋለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጉብኝቱ ግሩም ነው፤ ብሩ አይቆጭም። ግን የታሪኩን ከባዱን ክፍል ዘሎታል። በዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ያንገበግበኛል።

የታሪክ መምህርት ነኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። ደርግ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ሕዝቡ ለምን ዝም አላቸው?» ሕዝቡ ዝም አላላቸውም። አጨበጨበላቸው። ያጨበጨበበትም በቂ ምክንያት ነበረው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስረዳት ይከብዳል። ልጆቹ ታሪኩን የሚጀምሩት ከመጨረሻው፣ ከሬሳው ነው። ከሬሳው ሲጀመር ሁሉም ነገር ከጥንቱ ክፉ ይመስላል። ክፉ ሰዎች መጡ፣ ክፉ ሠሩ፣ ሄዱ። እንዲህ ብሎ የተማረ ልጅ ነገ ጥሩ መፈክር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያይ ምኑን ይጠረጥራል?

ይህ ጉብኝት ከሬሳው አይጀምርም። ስድስት ኪሎ ላይ ብቻ አርባ ደቂቃ ያህል ቆመናል። አስጎብኚያችን ሃያ ምናምን ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ድምፁ ጎላ ያለ፣ አነጋገሩ ጥድፊያ የሌለበት። ከሁሉ በፊት ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ካርድ አደለን። ካርዶቹ ላይ የዘመኑ ጥያቄዎች ተጽፈዋል። «መሬት ለአራሹ»። «የሃይማኖት እኩልነት»። «የመናገርና የመጻፍ ነፃነት»። «ሕዝባዊ መንግሥት»። ለእኔ መሬት ለአራሹ ደረሰኝ። አብራኝ ለመጣችው አክስቴ የሃይማኖት እኩልነት ደረሳት። ከዚያ ልጁ ደንቡን ነገረን። በምንቆምበት ቦታ ሁሉ ባለካርዶቹን ይጠይቃል፦ «የእርስዎ ጥያቄ እስከዚህ ድረስ መልስ አገኘ?»

ለመምህር እንዲህ ያለ ዘዴ ወርቅ ነው። ካርዱን ስትይዙት ጥያቄው የእናንተ ይሆናል።

ግቢው ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ እንደሰጡት ነገረን። ከዚያ የካቲት 1957 ላይ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ እንደወጡ። ያን ጊዜ በብዙ የደቡብ አገር ጢሰኛው ካመረተው እስከ ግማሽ ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። ልጁ ይህን ሲናገር ከመካከላችን አንድ እህል ነጋዴ ሰውዬ «ግማሽ?» ብለው ጮክ አሉ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው እዚሁ አካባቢ ተተኩሶበት ሞተ። በማግሥቱ ወታደሮች ግቢው ውስጥ አስከሬኑን በከበቡት ተማሪዎች ላይ ተኮሱ። ከዚያ የወሎ ረሃብ መጣ። ሕዝብ እየረገፈ ዜናው ታፈነ።

የካቲት 1966ን ልጁ በደንብ ነው የተረከው። አስቀድሞ በጥር ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውኃ ምክንያት አመፁ። ቤንዚን ተወደደና የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። መምህራን አደሙ። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም ተቀላቀሏቸው። እዚህ ላይ አክስቴ ካርዷን ከፍ አድርጋ «ይህን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ልጁ ንግግሩን አቁሞ «እናቴ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩን» አላት። ነገረችን። የሰፈሯ ሰዎች መንገድ ዳር ወጥተው ለሰልፈኛው ውኃ ያቀብሉ እንደነበር፣ ሰው ሁሉ ፊቱ በርቶ እንደነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ሕዝብ ሳይፈራራ ተቀላቅሎ እንዳላየች። አስጎብኚው ሰዓቱን አላየም። ይህን ወድጄለታለሁ። ባለታሪክ ሲያገኝ ለእሷ ቦታ መልቀቅ ያውቃል።

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁለት ነው፤ አሁን የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ ለመሄድ ይመቻል። ሁለተኛው ማረፊያ ከፓርላማው ማዶ ነው። ደርግ የተቋቋመው ሰኔ 21 ቀን 1966 ነው። ከየጦር ክፍሉ የተላኩ፣ ማዕረጋቸው ከሻለቃ የማይበልጥ መቶ ምናምን ሰዎች። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አወረዱ። ልጁ እዚህ ላይ ያደረገውን ሁሉም አስጎብኚ ቢማርበት ደስ ይለኛል። የዚያን ዕለት የወጣውን አዋጅ ፍሬ ነገር ዘርዝሮ ነገረን። ሕገ መንግሥቱ ታገደ። ፓርላማው ተበተነ። ሥራ ማቆምና ያለፈቃድ ሰልፍ መውጣት ተከለከለ። ከዚያ «የመናገርና የመጻፍ ነፃነት» ወደያዘችው ወጣት ዞሮ «እርስዎስ?» አላት። ልጅቷ ፈገግ አለችና ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ። በሰልፍ የመጣ መንግሥት በመጀመሪያው ቀኑ ሰልፍ ከለከለ። በክፍል ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል።

ያኔ የጎዳናው መፈክር «ያለምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ነበር። ሦስተኛው ማረፊያ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። እዚያ ኅዳር 14 ቀን 1967 የተረሸኑት የቀድሞ ባለሥልጣናት መታሰቢያ አለ። ስልሳ ያህል ሰዎች በአንድ ሌሊት፣ ያለ ፍርድ። ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከእነሱ መካከል ናቸው። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ጀነራል አማን አንዶምም የዚያኑ ሌሊት ቤታቸው በተከፈተ ውጊያ ሞቱ። ከመስከረም 2 እስከ ኅዳር 14 ሲቆጠር 72 ቀን ነው።

አክስቴ እዚህ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለሁሉም «ዜናው ሲነገር በሰፈራችን ያጨበጨበ ነበር» አለች። «ሌቦች ናቸው፣ ሕዝብ ያስራቡ ናቸው፣ ይበላቸው ተባለ። ፍርድ ቤት ያለ ሰው አልነበረም።» ልጁ ምን እንደሚመልስ አላወቀም፤ አመሰግናለሁ እናቴ ብሎ አለፈ። እኔ ግን የዚያን ጠዋት ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው እላለሁ። የሚጠሉት ሰው ያለ ፍርድ ሲገደል ያጨበጨበ ሰው፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ልጁ ያለ ፍርድ ሲገደል የሚጮህበት ቦታ አጣ። መንገዱ ያን ሌሊት ተጠርጓል። ጉብኝቱ እዚያ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይገባዋል።

ቡናው አራት ኪሎ ነበር። ጥሩ ቡና ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። እዚያ ስንቀመጥ የእኔ ተራ ደረሰ። የመሬት አዋጁ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፣ ጢሰኝነት ቀረ። ስለዚህ ካርዴን ይዤ «አዎ፣ መልስ አግኝቷል» አልኩ። እውነቴን ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ ልጁም አልካደም። አክስቴ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ አርሲ ዘምታ ነበር። ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ነው ወደ ገጠር የተላከው። ፊደል አስቆጥረዋል፤ ገበሬውን ማኅበር አደራጅተዋል። ትዝ የሚላት ካኪ ልብሷና እርሻው የራሱ መሆኑን የሰማ አንድ ሽማግሌ ነው። አዋጁ ሲነበብላቸው ሰውዬው ደጋግመው «ማን ነው ያለው?» ይሉ ነበር አለች። ብዙው የአብዮቱ ደጋፊ በቅን ልቡ የደገፈው እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ነው። ከከተማ ትርፍ ቤት የወረሰው አዋጅም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ወጣ። ያ አዋጅ ቀበሌን አመጣ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከቡናው በኋላ አስጎብኚው ረጋ ያለ አነጋገሩን ተወ። ከ1968 እስከ 1970 ያለውን፣ ማለትም አብዮቱ ሰው መብላት የጀመረበትን ጊዜ፣ እየተራመደ ነገረን። ታሪኩም የአንድ ሰው ሆነ። መንግሥቱ ኃይለማርያም እንዲህ አደረገ፣ መንግሥቱ እንዲህ አለ። ጥር 26 ቀን 1969 ቤተ መንግሥት ውስጥ ሊቀመንበሩን ጀነራል ተፈሪ በንቲን ከነአጋሮቻቸው አስገደለ። ኅዳር 1970 ምክትሉን አጥናፉ አባተን አስገደለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። መንግሥቱ በ1999 በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብሏል፤ በ2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሌለበት ሞት ፈርዶበታል። ከዚህ ላይ አንድም ቃል አልቀንስም።

ግን በየሰፈሩ በር ያንኳኳው መንግሥቱ አልነበረም።

አራት ኪሎ ያለውን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አልፈን ሄድን። ልጁ አልቆመም። እኔ ቆም አልኩ። በ1969 የአሰሳው፣ ማለትም የቤት ለቤት ፍተሻው፣ ሰሞን በዚህ አካባቢ የነበረ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር የማተሚያ ቤቱን ሠራተኞች አስወስዶ አስገደለ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ነገሩ ከተማውን አናወጠና ደርግ ራሱ ሰውዬውን ረሸነው። ነገር ግን ቀበሌዎቹ መሣሪያቸውን አልተነጠቁም፤ ነፃ እርምጃ፣ ማለትም ያለ ፍርድ መግደል፣ ቀጠለ። ስለ ቀይ ሽብር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቁሙ ብባል የማቆማችሁ እዚያ ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር ጎረቤት ነው። አብዮት ጠባቂው፣ የቀበሌው ታጣቂ፣ የሰፈር ልጅ ነው። ማን ቤት ውስጥ በራሪ ወረቀት እንዳለ፣ የማን ልጅ ማታ እንደማያድር የሚያውቀው እሱ ነው። ስብሰባ ላይ ተነስቶ «አጋልጣለሁ» የሚለውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ መንግሥቱ ብቻውን ቢፈልግ እንኳ ማወቅ አይችልም ነበር።

የድርጅቶቹም ጉዳይ እንዲሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈ። ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) እና መኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) ሁለቱም ከዚያው ከተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ ናቸው። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንድ ሰልፍ ላይ የጮሁ፣ አንዳንዶቹም አንድ ቤት ያደጉ። የተለያዩት በአንድ ጥያቄ ነው። ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ። መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ፣ ሕዝቡን እናንቃ፣ እናደራጅ አለ። ክርክሩ መጀመሪያ በጋዜጣ ነበር። በ1969 መባቻ በጥይት ሆነ። ኢሕአፓ መስከረም 13 መንግሥቱን ለመግደል ሞከረ፤ ከመኢሶን ታዋቂ ሰዎች ፍቅሬ መርዕድ በዚያው ወር ተገደሉ። መኢሶን ደግሞ ቀበሌዎቹ እንዲታጠቁ ገፋ። ከዚያ ደርግ በአንዱ እጅ ሌላውን መታ። ነሐሴ 1969 ላይ ራሱ መኢሶን ወደ ኅቡዕ ሸሸ፤ መሪዎቹ እየተያዙ ተገደሉ። በሂሳዊ ድጋፍ የገቡበት ቤት በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸው ነበር።

ይህን ለልጁ በእርጋታ ነገርኩት። ስድብ አይደለም። «ሰው ይደክመዋል ብለን ነው ያሳጠርነው» አለኝ። እውነት ነው፣ ፀሐዩ ከብዶ ነበር። ግን ስድስት ኪሎ ላይ አርባ ደቂቃ የቆመ ሰው ቀበሌ በር ላይ ሃያ ደቂቃ አይቸግረውም። ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል። ጎረቤት ጎረቤቱን ያጋለጠበትን ማውራት ያስፈራል። የአጋላጩም የተጋለጠውም ልጆች ዛሬ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ይገባኛል። ሆኖም ይህን ትቶ ሁሉን በአንድ ሸሽቶ በሄደ ሰው ላይ መጫን ለሁላችንም በጣም ይቀላል፤ ስለቀለለም እጠላዋለሁ።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ልጥቀሳቸው። ከአራት ኪሎ እስከ ታች መጸዳጃ ቤት የሚገባበት ማረፊያ የለም፤ አረጋውያን ይቸገራሉ። በቤተ መንግሥቱ አጥር በኩል መቆምም ፎቶ ማንሳትም ስለማይቻል እዚያ የሚነገረውን ከኋላ ያለው ሰው አይሰማም። ትንሽ የድምፅ ማጉያ ይግዙ።

ታች ስንደርስ ጉብኝቱ እንደገና ነፍስ ዘራ። ከአፍሪካ አዳራሽ ማዶ ካለው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር እንደተወሰዱ ሰማን። ከዚያ መስቀል አደባባይ። ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ደም የመሰለ ቀይ ነገር የሞላባቸውን ጠርሙሶች እያነሳ የፈጠፈጠው እዚህ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 21 ሌሊት፣ ለሜይ ዴይ ሰልፍ ሊወጡ የነበሩ ወጣቶች በከተማው ተጨፈጨፉ። ብዙዎቹ ገና ተማሪ ቤት ያሉ ልጆች ነበሩ። እዚህ ላይ ልጁ «ሕዝባዊ መንግሥት» የያዘውን ሰውዬ ጠየቀ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ካርዶቹን የሰበሰበው እዚህ ነው።

ሙዚየሙ የተከፈተው በ2002 ነው። ያለ አስጎብኚ አትግቡ። ከደርግ እስር ቤት ተርፈው የወጡ ሰዎች ያስጎበኙ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እኛን ያስጎበኙን ሰውም ስለ ወፌ ላላ ሲናገሩ ከመጽሐፍ አልነበረም። ታስሮ፣ ተገልብጦ፣ ውስጥ እግርን መገረፍ። ብዙ አላብራሩም፤ ቢያብራሩም የምንችል አልመሰለኝም። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም አለ። ልብስ አለ። ግድግዳውን የሞላ ፎቶ አለ፤ አብዛኛው የመታወቂያና የትምህርት ቤት ፎቶ ነው። ፀጉራቸውን አፍሮ ያደረጉ፣ ኮሌታቸው ሰፊ የሆነ፣ ዛሬ የማስተምራቸውን ልጆች የሚያህሉ። አክስቴ የግድግዳውን ፎቶ ከዳር እስከ ዳር እያየች ሄደች። የዘመቻ ጓደኛዋን ፈልጋ አላገኘችም። የሁሉም ፎቶ አልተገኘም፣ ሁሉም ቤተሰብ ፎቶ አላመጣም አሏት። ለቅሶ መቀመጥ እንኳ ይከለከል ነበር። የልጇን ሬሳ ለማግኘት የጥይት ዋጋ የተጠየቀች እናት ነበረች።

ይህን ሙዚየም ብቻውን ከማየት ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ማየት ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። ጠዋት ካርድ ይዛችሁ፣ ጥያቄው ትክክል ነው ብላችሁ፣ አምናችሁ ነው የምትገቡት። ግድግዳው ላይ ያሉት ልጆች የያዙት ያንኑ ካርድ ነው። ከገደሏቸውም ብዙዎቹ ያንኑ ይዘው ነበር።

ለማን ይሆናል? ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ላለ ሁሉ። ከዚያ በታች ላለ ልጅ የሙዚየሙ ክፍል ይከብዳል። ወላጅ ወይም አያት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተቻለ አስቀድማችሁ ጠይቋቸው፣ ሁሉም ሰው ማየት አይፈልግም። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፤ ውኃና ጃንጥላ ያዙ። ቁርስ በልታችሁ ውጡ፣ ቡናው ባዶ ነው።

ለአዘጋጆቹ ሁለት ነገር ጠይቄያለሁ። አንደኛ፣ ብርሃንና ሰላም በር ላይ ይቁሙ፤ አንዱን ካርድ ደግሞ ለቀበሌው ሊቀመንበር ይስጡት፤ ያ ሰው ምን አምኖ እንደጀመረ እንጠየቅ። ሁለተኛ፣ የተማሪ ዋጋ ያውጡ። 500 ብር ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ አይቀመስም። ሁለተኛውን እናስብበታለን ብለውኛል። ከተስማሙ ግንቦት ላይ ፈተና ሳይደርስ አሥራ አንደኛ ክፍሎቼን ይዤ እሄዳለሁ። በመጀመሪያውም ካልተስማሙ ማተሚያ ቤቱ ጋ ስንደርስ ልጆቹን እኔ አቆማቸዋለሁ።